ለምን ማለት የማይሰለቸው የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፦ ማይክል ፋራዴይ



በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን የምናካፍላችሁ ሰው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። ይህን ጽሑፍ በምታነቡበት ክፍል ውስጥ አምፖል በርቶ ከሆነ፣ ማእድ ቤት ፍሪጁ እያንጎራጎረ ከሆነ፣ የእማዬ ስልክ ቻርጅ ላይ ከተሰካ፣ የዚህ ሰው የሥራ ውጤት አጠገባችሁ አለ ማለት ነው። እኔን ግን ስለ እሱ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም፤ ከእናንተው የመጣ ጥያቄ ነው። አንዳንዶቻችሁ ቤት ውስጥ ለምን ስትሉ ነገር አታብዛ፣ ነገር አታብዢ እንደምትባሉ፣ በአዘቦቱ ትምህርት ቤት ደግሞ ለምን አትጠይቁም እንደምትባሉ ትነግሩኛላችሁ። ታዲያ የቱ ነው ትክክል ትላላችሁ። ወላጆች በበኩላቸው ልጃችን ሁሉን ነገር ይጠይቃል፣ ትልቅ ሰው ማክበሩ ሊቀር ነው ብለው ይሰጋሉ።

ሰው ሕይወትን እንዳገኛት ተቀብሎ ይኑር ወይስ ይጠይቅ? ይህ ጥያቄ ለልጆችም ለእኛ ለትልልቆቹም ቀላል አይደለም። እስቲ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደተመለሰ አብረን እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሳምንት ዳቦ

ማይክል ፋራዴይ መስከረም 22 ቀን 1791 ዛሬ የለንደን ከተማ አካል በሆነው በኒዊንግተን ተወለደ። አባቱ ጄምስ ፋራዴይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ሥራ ፍለጋ ከሰሜን እንግሊዝ ገጠር ወደ ለንደን የመጣ ሰው ነው። ጤናው ስላልነበረ ብዙ ቀን ሳይሠራ ይውላል፤ ያልሠራ ቀን ደግሞ ገንዘብ የለም። ልጆቹ አራት ናቸው፤ ማይክል ሦስተኛው ነው። በ1801 የእህል ዋጋ ሲንር እናቱ ለማይክል በሳምንት አንድ ዳቦ ትሰጠው እንደነበር፣ እሱም ያችን ዳቦ ለሰባት ቀን ማብቃቃት እንደነበረበት ይነገራል። አስቡት ልጆች! ሰኞ ጠዋት ሁሉን ከበላችሁ እሑድ ምን ልትበሉ ነው?

ትምህርቱም እንደዚያው ነበር። ማንበብ፣ መጻፍና ትንሽ ሒሳብ፤ በቃ ይኸው ነው። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ሳይንስ የሚሠሩት አብዛኞቹ ባለጸጎችና ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሰዎች ነበሩ። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ብረት ቀጥቃጭ ይሆናል፣ ቢሻለው ደግሞ ሌላ የእጅ ሙያ ይማራል። እኛም አገር ቢሆን ባለእጅን የመናቅ ክፉ ልማድ እንደነበረ ወላጆቻችሁ ያውቃሉ። ማይክልም የአርባ ቀን ዕድሌ ነው ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

የሚጠርዘውን የሚያነብ ልጅ

በ1804 ማይክል 13 ዓመት ሲሞላው ጆርጅ ሪቦ በሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ቤት ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ጋዜጣ ማድረስ ነበር። በዓመቱ ሪቦ የመጠረዝ ሙያ እንዲማር ለሰባት ዓመት ወሰደው፤ ድህነቱን አይቶ የማስተማሪያ ክፍያ እንኳን አልጠየቀውም። ደግ ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ማይክል ቀን ቀን መጽሐፍ ይጠርዛል፤ ከሥራ በኋላ የጠረዘውን ያነባል። አንድ ቀን ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ አገኘ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ኬሚስትሪን በጭውውት መልክ የጻፈችው መጽሐፍ እጁ ገባ። ታዲያ አንብቦ ምን አደረገ መሰላችሁ? ካለችው ጥቂት ሳንቲም ላይ ቆጥቦ ርካሽ ዕቃ እየገዛ፣ በጠርሙስ የራሱን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠራ። መጽሐፉ እንዲህ ይሆናል ያለውን በገዛ እጁ ሞከረው። ሲሞክረው እውነት ሆኖ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን አመነው።

ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ማይክል መጽሐፉን አልናቀም፤ ጸሐፊዋንም ዕድሜውን በሙሉ ሲያከብራት ኖሯል። ነገር ግን ከማመኑ በፊት ፈተነ። የጠየቀው ደራሲዋን ለማሳፈር ሳይሆን ነገሩን ለማወቅ ነበር።

አባቱ በ1810 ሞተ። በዚያው ዓመት ማይክል የማታ የሳይንስ ትምህርት መከታተል ጀመረ፤ መግቢያው አንድ ሽልንግ ነው። ሽልንጓን የሚከፍልለት ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነበር። ሮበርት እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አያችሁ፣ አንዱ እንዲማር ሌላው በላቡ ይከፍላል። ይህ ታሪክ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነው።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል

በ1812 ከሪቦ ደንበኞች አንዱ የሆነው ዊሊያም ዳንስ ለማይክል ትኬት ሰጠው። ትኬቱ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው የሳይንስ ተቋም ውስጥ ታዋቂው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ የሚሰጣቸውን አራት ትምህርቶች ለመስማት ነበር። ማይክል የሰማውን ሁሉ ጻፈ፣ ያየውን መሣሪያ ሁሉ ሣለ፣ ከዚያም በሙያው አሳምሮ ጠረዘው።

ቀጥሎ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለነበሩት ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ማንኛውንም የሳይንስ ሥራ ቢሰጡት ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። መልስ አልመጣም። በታኅሣሥ 1812 ደግሞ የጠረዘውን መጽሐፍ ለራሱ ለዴቪ ላከ። ዴቪ ተደንቆ አነጋገረው፤ ሆኖም ክፍት ቦታ እንደሌለና የመጠረዝ ሙያውን ባይለቅ እንደሚሻለው መከረው። ማይክል አመስግኖ ወደ ጥረዛው ተመለሰ። አልተሳደበም፣ አላኮረፈም። ግን ጥያቄውን አቅርቧል፤ ስሙም ታውቋል።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና የቤተ ሙከራው ረዳት ከሰው ጋር ተደባድቦ ተባረረ። ዴቪ ወዲያው ያን ወጣት ጠራዥ አስታወሰ። መጋቢት 1 ቀን 1813 ማይክል በ21 ዓመቱ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ጠርሙስ ያጥባል፣ ዕቃ ያቀርባል፣ እሳት ያነዳል። ከደመወዙ ጋር በሕንጻው አናት ላይ ሁለት ክፍል፣ ከሰልና ሻማ ተሰጠው። ሻማውን አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዴቪ ወደ አውሮፓ ረጅም ጉዞ ሲነሣ ፋራዴይን ይዞት ሄደ። የዴቪ አሽከር ጉዞውን ስለተወ የአሽከርነቱም ሥራ በፋራዴይ ላይ ወደቀ። የዴቪ ባለቤት ከቤት ሠራተኞች ጋር እንዲበላ ታደርገው ነበር። በዚህ በጣም አዝኖ ሁሉን ትቶ ለመመለስ አስቦ ያውቃል። ነገር ግን ታግሦ ቀረ። በፍሎረንስ ከተማ በትልቅ ሌንስ የፀሐይን ብርሃን ሰብስበው አልማዝ ሲያቃጥሉ አየ፤ የወጣው አየር ከሰል ሲቃጠል የሚወጣው ዓይነት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ ውድ ዕንቁ ከከሰል ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው ማለት ነው! በሚላን ደግሞ ባትሪን ከፈለሰፈው ከአሌሳንድሮ ቮልታ ጋር ተገናኘ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ልጅ አውሮፓን እንደ ዩኒቨርሲቲ ተማረባት። የተሰጠውን ዝቅተኛ ወንበር ለጊዜው ተቀበለ፤ አእምሮው ግን አሽከር እንዲሆን አልፈቀደም።

ለዓመታት የተያዘ ጥያቄ

በ1820 የዴንማርኩ ሳይንቲስት ሃንስ ክርስቲያን ኦርስትድ አንድ አስገራሚ ነገር አየ። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ አጠገቡ ያለችው የኮምፓስ መርፌ ትንቀሳቀሳለች። በመስከረም 1821 ፋራዴይ ባዜቃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ይህ የኤሌክትሪክ ሞተር ጅማሬ ነው። በቤታችሁ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን የዚያ የልጅ ልጅ ነው ብትሉ ትክክል ናችሁ።

ከዚያ ፋራዴይ ነገሩን ገልብጦ ጠየቀ። ኤሌክትሪክ ማግኔት ከሆነ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ ሊያወጣ አይችልም ወይ? ይህችን ጥያቄ በ1822 ማስታወሻው ላይ ጻፋት። በተለያየ ጊዜ ሞከረ፤ አልሆነም። ሌላ ሥራ እየሠራ ጥያቄዋን ግን በልቡ ያዛት። እስከ 1831 ድረስ ያዛት!

ነሐሴ 29 ቀን 1831 አንድ የብረት ቀለበት ወሰደ። በአንዱ ጎን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ፤ በሌላው ጎን ሁለተኛ ሽቦ ጠመጠመ። ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም። የመጀመሪያውን ከባትሪ ጋር፣ ሁለተኛውን ከመርፌዋ አጠገብ ከሚያልፍ ሽቦ ጋር አያያዘ። ባትሪውን ሲያገናኝ መርፌዋ ዘለል አለችና ተመለሰች። ባትሪው እንደተገናኘ ሲቆይ ምንም የለም። ሲያላቅቀው እንደገና ዘለል አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን መርፌዋ ጸጥ ስላለች አልተሳካም ብሎ ይተወው ይሆናል። ፋራዴይ ግን ያቺን የአፍታ ዝላይ አላለፋትም፤ ለምን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ? ብሎ ጠየቀ። መልሱ ይኸውላችሁ፦ የቆመ ማግኔት ኤሌክትሪክ አያመጣም፤ የሚንቀሳቀስ፣ የሚለዋወጥ ማግኔት ግን ያመጣል። ጥቅምት 17 ቀን ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ኤሌክትሪክ አገኘ። ጥቅምት 28 ቀን ደግሞ የመዳብ ሳሕን በትልቅ ማግኔት መካከል እያሽከረከረ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ አገኘ። ይህ የጄኔሬተር መጀመሪያ ነው።

በዚያ ዓመት አገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። ያም ሆኖ የፋራዴይ ግኝት እኛም ዘንድ ደርሷል። በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ፣ በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ፣ ሁሉም በዚሁ ሕግ ይሠራሉ። ውኃው ተርባይኑን ያዞራል፣ ማግኔቱ በሽቦ መካከል ይሽከረከራል፣ መብራት ይመጣል።

ውድቀትም የሚጻፍበት መዝገብ

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ከፋራዴይ ነገር ሁሉ የምቀናበት መዝገቡን ነው። የሠራውን ሙከራ በተራ ቁጥር ይመዘግብ ነበር፤ የመጨረሻው ቁጥር 16041 ነው። ጥሩ መዝገብ ትርፉን ብቻ አይጽፍም፤ ኪሣራውንም ይጽፋል። እሱም ያልተሳካውን ሁሉ ጽፏል። በ1849 ለምሳሌ ዕቃን ወደ መሬት የሚስበው ኃይል ከኤሌክትሪክ ጋር ይዛመድ እንደሆነ ለማወቅ ጥቅል ሽቦ ከከፍታ እየጣለ ደጋግሞ ሞከረ። ዝምድና እንዳለ በልቡ ያምን ነበር። ሙከራው ግን ምንም አላሳየም። እሱም ምንም አላገኘሁም ብሎ ጽፎ አሳተመው። ተፈጥሮ አይደለም ስትለው መቀበል ያውቅበታል።

በ1853 ደግሞ በለንደን አንድ ወሬ ተነሣ። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እጃቸውን ሲጭኑበት ጠረጴዛው ይዞራል፤ መንፈስ ነው የሚያዞረው ይባላል። ፋራዴይ አልሳቀባቸውም። ሁለት ስስ ሰሌዳዎች አነባብሮ በመካከላቸው የሚንከባለሉ የመስታወት ዘንጎች አስገባ። የተቀመጡት ሰዎች እጃቸውን በላይኛው ሰሌዳ ላይ ጫኑ። ጠረጴዛው በራሱ ቢሄድ የታችኛው ሰሌዳ ይቀድማል፤ እጅ ቢገፋው የላይኛው ይቀድማል። የቀደመው የላይኛው ሆነ። ሰዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም፤ ሳያውቁት ይገፉ ነበር። እንቅስቃሴውን የምታሳይ ምልክት ፊት ለፊታቸው ሲቆምላቸው መግፋታቸውን አቆሙ፤ ጠረጴዛውም ቆመ።

ፋራዴይ የማያውቀው ትልቅ ነገር ነበር፤ ከፍተኛ ሒሳብ አልተማረም። በማግኔት ዙሪያ የብረት ብናኝ በትኖ የሚሠራቸውን መስመሮች እያየ በዓይነ ሕሊናው ያስብ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ሐሳቡን ተጠራጠሩት። በግኝቱ ዓመት በ1831 የተወለደው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ግን አድጎ እነዚያን መስመሮች ወደ ሒሳብ ቋንቋ መለሳቸው። ሽማግሌው ፋራዴይ ዕድሜው ልጁ የሚሆነውን ይህን ወጣት፣ በሒሳብ የደረሰበትን በተራ ቋንቋ ቢያስረዳው ብሎ በደብዳቤ ጠየቀው። ትልቅ ሰው ትንሹን ሲጠይቅ ክብሩ አልተነካም።

የተቀበለውና ያልተቀበለው

ፋራዴይ በ1821 ሣራ ባርናርድን አገባ። ልጅ አልወለዱም። እሱ ግን የብዙ ሕፃናት አስተማሪ ሆነ። ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለገና በዓል ለወጣቶች በሚያዘጋጀው ትምህርት ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜ 19 ጊዜ አስተማረ። የመጨረሻው ስለ አንድ ሻማ ነበር። ስድስት ሙሉ ትምህርት ስለ ሻማ! ሰሙ ለምን ይቀልጣል? የቀለጠው ሰም በክሩ ላይ እንዴት ይወጣል? ነበልባሉ ላይ ቀዝቃዛ ዕቃ ሲያዝ ውኃ የሚቋጥረው ከየት አምጥቶ ነው? ትምህርቶቹ በ1861 በመጽሐፍ ታትመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

ፋራዴይ ሃይማኖተኛ ሰውም ነበር፤ በትንሽ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኖ አገልግሏል። ተፈጥሮን መመርመር ከእምነቱ ጋር የሚጣላ መስሎ አልታየውም። የሰርነት ማዕረግ ሊሰጡት ሲያስቡ አልፈልግም አለ። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሁን ሲባልም እንቢ አለ። በ1824 የሶሳይቲው አባል እንዳይሆን የተቃወመው ጌታው ዴቪ ነበር፤ ፋራዴይ ግን በሩን የከፈተለት ዴቪ መሆኑን አልረሳም፣ ቂምም አልያዘም።

ከ1840 ገደማ ጀምሮ የማስታወስ ችሎታው እየደከመ ሄደ። ለእንዲህ ዓይነት አእምሮ ይህ መራራ ነገር ነው። የቻለውን ያህል እየጻፈ ያዘ፤ የማይችለውን ሥራ አንድ በአንድ እየለቀቀ ሄደ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት የሚኖርበት ቤት ሰጡት። ነሐሴ 25 ቀን 1867 በዚያው ቤት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዐረፈ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው ከስምንት ወር ገደማ በፊት መሆኑ ነው። በለንደን ሃይጌት መካነ መቃብር በቀላል ድንጋይ ሥር ተቀበረ። ከ1991 እስከ 2001 ድረስ ሥዕሉ በእንግሊዝ የ20 ፓውንድ ኖት ላይ ነበረ፤ ያኔ እንግሊዝ አገር የነበራችሁ ወላጆች ሳታውቁት በኪሳችሁ ይዛችሁት ዞራችኋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፋራዴይ ድህነቱን፣ የወንበሩን ዝቅታ፣ እርጅናውን ተቀብሏል። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ማወቅ አይገባውም የሚለውን ግን አልተቀበለም። ሰው ሁሉ ያመነውን ጠረጴዛ ፈተነ፤ እሱ ራሱ ያመነውንም ፈተነ፤ መልሱ ሲመጣ፣ የሚወደው መልስ ባይሆንም፣ ተቀበለ። ስለዚህ ልጆች፣ ስትጠይቁ በትሕትና ጠይቁ፤ መልሱ ሲመጣም ስሙ። መልስ ላለመስማት የሚጠየቅ ጥያቄ ክርክር ብቻ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ለምን ሲል ሁልጊዜ መድፈሩ አይደለም። አላውቅም፣ አብረን እንፈልገው ማለት ደግሞ አባትነትን ወይም እናትነትን አይቀንስም፤ ከሥራ ደክመን ስንገባ ቢከብድም።

የቤት ሥራ፦ ከወላጆቻችሁ ጋር አንድ ሻማ አብሩ፤ የሚለኩሰው ትልቅ ሰው ይሁን። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። ከዚያ እፍ ብላችሁ አጥፉትና ትልቁ ሰው ወዲያው በሚወጣው ነጭ ጭስ ላይ፣ ከክሩ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ የሚነድ ክብሪት ያስጠጋ። ያያችሁትን በአማርኛ ጻፉ፤ ሥሩ ላይ ለምን የሚል ሦስት ጥያቄ ጨምሩ። ያልተሳካላችሁም ቢሆን አልተሳካም ብላችሁ ጻፉና በሚቀጥለው ክፍላችን ይዛችሁ ኑ።

መልካም የእረፍት ቀናት!